ቀለሙ እስኪደርቅ

የሳጂ ነበረ፣ የላይኛው አልጋ፣
የኬረላው ሳጂ፣ የሌሊት ዘበኛ፤
አገሩ ሲገባ ሻንጣው ጢም ብሎበት
"መቶ ሃያ ድርሃም፣ ውሰደው" አለኛ።
ስድስት ቀለም ያለው ግራጫ ማተሚያ
ካልጋዬ ሥር ገባ በጫማዬ ፋንታ፤
ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ
ፎቶ ቤት ከፈትኩኝ፣ ዓርብ ዓርብ ለማታ።

ዙበይዳ መጣች፣ ከሚሴ ነው አገሯ፣
አል ናህዳ ትሠራለች፣ የሰው ቤት፣ የሰው ልጅ፤
ስልኳ ውስጥ የራሷ፣ አራት ዓመት ሞልቷት፣
ቀይ ሻሽ ያሰረች፣ የቆመች ከደጅ።

ያኔ አላወቅሁም። ቀለም ሁሉ ቀለም፣
ወረቀት ወረቀት መስሎኝ ነበርና፣
በስምንት ድርሃም ጠርሙስ፣ በደረሰኝ ወረቀት
አትሜ ሰጠኋት፣ ገና ሳይደርቅ ገና።

ሐምሌና ነሐሴ፣ እዚያ ዝናብ ሲጥል፣
እዚህ የማድ ቤቱ መስኮት እንደ ብረት ሲግል፣
መስታወት ተደግፋ የቆመችው ሕፃን
መጀመሪያ ሻሿ፣ ከዚያም ከንፈሯ ላይ
ቀዩ እየለቀቀ፣ እየሳሳ ባከነ፤
መስከረም ሲጠባ ጉንጯ አረንጓዴ ሆነ።

"ልጄን አሳመምክብኝ" አለችኝ፣ አልሳቀችም፤
በሁለት ጣቷ እንደያዘች፣ ጠረጴዛ ላይም አላስቀመጠችም።

ተማሪ ሆንኩ እንግዲህ፣ በሠላሳ ስምንቴ፤
ቀን ካርቶን ስጭን ውዬ፣ ሌሊት ብርድ ልብሴ ሆነ ትምህርት ቤቴ።
ቀለም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ እንደ ስኳር
የሚሟሟ፣ ፀሐይ ፊት የማይቆም፣ ፈሪ፤
ሌላው ደቃቅ አፈር፣ ወረቀት ላይ ተኝቶ
ቶሎ የማይነሣ፣ እንደ ባለርስት ነዋሪ።
ለማሽኑ የሚስማማውን አፈሩን ገዛሁት፣
የሁለት ሳምንት ምሳዬን ከፍዬ፤
ወረቀቱም የጥጥ፣ ወፍራም፣ አሲድ የሌለው፣
ከዴይራ በአውቶቡስ አመጣሁት አዝዬ።

ላምን ግን አልቻልኩም።
የራሴን ፊት አተምኩ፣ በአሮጌውም፣ በአዲሱም፤
መሐል ለመሐል ቆርጬ፣ ግራ ግራውን በፕላስተር
መስኮቱ ላይ ለጠፍኩ፤ ቀኝ ቀኙን ከኮንትራቴ ጋር
መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፣ ከደብተር ሥር።
በዓመቱ ገጠምኳቸው።
የአሮጌው ግራ ፊቴ ካባቴ ይበልጥ ጃጅቷል፤
የአዲሱ ግን ወንድማማች ነው፣ የተቆረጠበት እንኳ ጠፍቷል።

ስክሪኑም ውሸታም ነው፤ ከውስጡ ያበራል፣
ወረቀት ግን ድሃ ነው፣ ክፍሉ በሰጠው ብርሃን ያድራል።
ቀነስኩት፣ እስከ ግማሽ።
ደግሞ "አሳምር" የሚል ምልክት አለ፣ ሁሌ የበራ፤
ጥቁር ፊት ሲያጋጥመው "ጨለማ ነው" ይላል፣
ማንም ሳያዘው ያነጣል።
አጠፋሁት።
የቀይ ዳማን መልክ በየትኛው ቁጥር ይጽፉታል?
ስድስቴ ሳትኩት፤ አንዴ ጡብ፣ አንዴ ሻይ፣ አንዴ አመድ።
በሰባተኛው ዙበይዳ አውራ ጣቷን
ከልጅቷ ጉንጭ አጠገብ አድርጋ
ዝም አለች። ቆየች።
"እሷ ናት።"

"ስንት ዓመት ትቆያለች?"
"ካርቶኑ ሰማንያ ይላል፣ ከመስታወት ኋላ፣
ፀሐይ ካላየቻት፣ ጨለማ ካኖርሻት።"
"ጨለማ ውስጥ ማን ያያታል?" ብላ ሳቀች።
ሳቋ ሳያልቅ፣
"በል እኔን አትመኝ፤ እሷማ አትጠፋኝ፣
እዚያ እየለቀቅሁ ያለሁት እኔ ነኝ።"

ነጩ ፍሪጅ ፊት ቆመች፣ ሻርፗን አስተካክላ።
አላሳመርኳትም፤ የዓይኗን ሥር ጥቁረት፣
በረኪና የበላው እጇን
እንዳለ አወጣሁት።
"አይነካም" አልኳት፣ "ሃያ አራት ሰዓት ሳይሞላው።"
እሷ የተሰጣት እስከ ሁለት ሰዓት ነው።
"ለሚመጣው ዓርብ" እያለች
ደረጃውን በሩጫ ወረደች።

ፎቶዋን አልጋዬ ላይ በጀርባው አስተኛሁት፤
አቧራ እንዳይነፋባት ኤሲውን አጠፋሁ፤
አምስት ሰው በላብ ሰጥሞ
በኡርዱም በቤንጋሊም ሲረግመኝ
እኔ ወለሉ ላይ ተኛሁ።